አባባ የፊኛ ካንሰር ሲገኝባቸው ሕክምናውን እንዴት አብረን እንምረጥ

መጀመሪያ ነገር አትደብቋቸው። እኛ ወሎ ቤተሰቡ ይሰበሰብና "ካንሰር እንዳትሏቸው፣ ይደነግጣሉ" ይባባላል። እኛም አባቴን ሦስት ሳምንት ሙሉ "ኢንፌክሽን ነው" አልናቸው። ደሙን ከሽንታቸው ጋር ያዩት እሳቸው፣ ምንም እንደሌለ የምናስመስለው እኛ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ። ዕጢው የፊኛው ጡንቻ ውስጥ ገብቷል? የተወሰደው ናሙናስ ጡንቻ አለበት? ከሌለበት "አልገባም" ብሎ መተማመን ስለማይቻል ብዙ ጊዜ ዕጢው የነበረበት ቦታ ድጋሚ ተፍቆ ናሙና ይወሰዳል።

ካልገባ አብዛኛውን ጊዜ ፊኛው አይወጣም። በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ዕጢው ይፋቃል፤ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ከሆነ ቢሲጂ ይጨመራል። አዎ፣ ያ ሕፃናት የሚከተቡት የቲቢ ክትባት። በቱቦ ፊኛ ውስጥ ይገባና ሁለት ሰዓት ያህል ይያዛል፣ በሳምንት አንዴ፣ ለ6 ሳምንት። ከወረኢሉ ወይ ከመቅደላ ለሚመላለስ ሽማግሌ ይሄ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ መኖሩንና ማን ቤት እንደሚያርፉ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

ከገባ፣ ግን ካልተሰራጨ፣ ዋናው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ፊኛውን ማውጣት፣ ኩላሊታቸው ከቻለ አስቀድሞ ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) ተሰጥቶ። ሌላው ፊኛውን ሳያወጡ መፋቅ፣ ኬሞና ጨረር፤ ለሁሉም አይሆንም፣ ጨረሩም ሳምንታት ስለሚወስድ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ መክረም ሊጠይቅ ይችላል። "ሸምግለዋል፣ ይቅርባቸው" የሚል ዘመድ ሲመጣ፣ ዕድሜያቸውን ብቻ ሳይሆን ልባቸውን፣ ኩላሊታቸውን፣ በእግራቸው መሄዳቸውን አይታችሁ መልሱለት።

ፊኛ ሲወጣ ሽንት አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። አባቴን ከቀዶ ሕክምናው በላይ ያስጨነቃቸው ይሄ ነበር፤ "እንዴት ልሰግድ ነው?" አሉ። ይሄን ሐኪም አይመልሰውም፣ ሸሁ ጋ ወሰድናቸው። ሽንቱ የማይቋረጥለት ሰው ለየሰላቱ ውዱእ እያደረገ እንደሚሰግድ ሲነግሯቸው ፊታቸው በራ።

ንግግሩን እንግዳ ከሄደ በኋላ፣ ቶናው ሲቀዳ አንሱት። "አባባ፣ ይበልጥ የሚያስፈራዎት ምኑ ነው?" በሏቸውና ዝም በሉ። "በቃኝ" ካሉ ሕክምናውን ነው ወይስ ወጪውን፣ ለዩ። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚለው በሬው እንዳይሸጥ ነው። እንግዲያው "የገንዘቡን ለእኛ ይተዉልን፣ እርስዎ ስለ ሰውነትዎ ይንገሩን" በሏቸው። ሕክምናውን ራሱን ካልፈለጉ ደግሞ አትጫኗቸው፤ ሕመማቸውንና ደሙን የሚያስታግስ ክትትል እንዲጀመርላቸው ሐኪሙን ያን ዕለቱን ጠይቁ።