ማርቲን ሉተር ኪንግን በ45 ደቂቃ ለማስተማር

ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የመብት ታጋዩ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚሰጥ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው «ሕልም አለኝ» በሚለው የዋሽንግተኑ ንግግር ተጀምሮ እዚያው ሲያልቅ ነው። ተማሪው አንድ ታላቅ ሰው ጥሩ አድርጎ ተናገረ፣ አገሩም ሰማው ብሎ ይወጣል። ለውጡ ግን የመጣው በረጅም ዝግጅት፣ በገንዘብ መዋጮ፣ በክስና በእስር ነው። ስለዚህ ከክፍለ ጊዜው 25 ደቂቃውን ለሞንትጎመሪ ይስጡ፤ ጥቁሮች በአውቶቡስ መድልዎ ላይ አድማ የመቱባት የአላባማ ከተማ ናት።

አስቀድመው የከተማዋን አውቶቡስ 36 መቀመጫዎች ሰሌዳ ላይ ይሳሉና የፊተኞቹን 10 በቀለም ይለዩ። እነዚህ ለነጮች የተከለሉ ነበሩ፤ ባዶ ቢሆኑም ጥቁር አይቀመጥባቸውም። ሮዛ ፓርክስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 (እ.ኤ.አ.) የተቀመጡት ከእነዚህ ጀርባ ነው። ብዙ ተማሪ በነጮች ወንበር ላይ የተቀመጡ ይመስለዋል፤ ሥዕሉ ያርመዋል። አንድ ነጭ ተሳፋሪ መቀመጫ ሲያጣ ሹፌሩ መደዳውን በሙሉ ተነሡ አለ፤ ሦስቱ ተነሡ፣ እሳቸው እምቢ ብለው ታሰሩ። «ደክሟቸው ነበር» የሚለውንም አይድገሙት፤ ፓርክስ በጥቁሮች መብት ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ በጸሐፊነት ያገለገሉ የ42 ዓመት ታጋይ ነበሩ። ከዘጠኝ ወር በፊት ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ በዚሁ ምክንያት ታስራለች። በኋላ የአውቶቡሱን መድልዎ በፍርድ ቤት ካሻሩት ከሳሾች አንዷ ናትና ስሟ አይዘለል።

ቀጥሎ «አውቶቡስ የማንሳፈር ከሆነ ነገ ሥራ እንዴት እንገባለን?» ብለው ይጠይቁና ለአምስት ደቂቃ በቡድን ይምከሩበት። ከዚያ የሆነውን ይንገሯቸው። ጆ አን ሮቢንሰን የተባሉ የኮሌጅ መምህርት ጥቁሮች በአውቶቡስ እንዳይሳፈሩ የሚጠራ ወረቀት በአንድ ሌሊት በአሥር ሺዎች አባዙ። ጥቁር የታክሲ ነጂዎች እንደ አውቶቡሱ 10 ሳንቲም ብቻ ማስከፈል ጀመሩ። ከተማው ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል ክልክል ነው ሲላቸው፣ ሕዝቡ የግል መኪኖቹን አሰባስቦ የታወቁ መሳፈሪያ ቦታዎች ያሉት የራሱን ትራንስፖርት ዘረጋ። የመኪኖቹ መድን ሲሰረዝ ደግሞ ከለንደን ተገዛ። አድማው 381 ቀን የቆየው እንዲህ ነው። ዲሴምበር 5 መሪ ሆነው የተመረጡት ዶክተር ኪንግ ያኔ ገና 26 ዓመታቸው ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ቤታቸው በቦምብ ተመታ።

ከቀሪው 20 ደቂቃ ግማሹን በጆርጂያ ላለችው አልባኒና በአላባማ ላለችው በርሚንግሃም ያውሉ። የአልባኒን ውድቀት አይደብቁ፤ ተማሪው ከሁሉ በላይ የሚማረው ከእሱ ነው። በ1961 እና 1962 አልባኒ ላይ ሁሉንም ዓይነት መድልዎ በአንድ ጊዜ ለማስቀረት ተሞከረ። የፖሊስ አዛዡ በአደባባይ ሳይደበድብ እያሰረ፣ እስረኞቹንም በአጎራባች እስር ቤቶች እየበተነ ትግሉን አቀዘቀዘው። በ1963 በርሚንግሃም ላይ ግን ዒላማው ጠበበ፤ የመሐል ከተማ መደብሮች፣ ያውም በፋሲካ ገበያ ሰሞን። የዋሽንግተኑን ሰልፍ እዚህ ላይ በአጭሩ ያንሡት። ዓላማው «ለሥራና ለነፃነት» እንደነበር፣ አደራጁም ባያርድ ረስቲን እንደነበሩ ይጥቀሱ።

በመጨረሻው አሥር ደቂቃ 1967ን እና 1968ን ያስተምሩ። ይህን የሚዘል መምህር ሁሉም የሚወዳቸውን ኪንግ ብቻ ያስተምራል። የቬትናምን ጦርነት በይፋ ሲቃወሙ ብዙ ደጋፊ አጥተዋል። ሜምፊስ የሄዱት ሥራ ያቆሙ የጽዳት ሠራተኞችን ለመደገፍ ነበር፤ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 እዚያው ተገደሉ። ገና 39 ዓመታቸው ነበር።

ለቤት ሥራ ከበርሚንግሃም እስር ቤት የጻፉትን ደብዳቤ ይስጡ። በውስጡ ሰላማዊ ትግል አራት ደረጃዎች እንዳሉት ይዘረዝራሉ፤ እነሱም እውነታውን ማጣራት፣ መደራደር፣ ራስን ማንጻት እና ቀጥተኛ እርምጃ ናቸው። ተማሪዎቹ የሞንትጎመሪን ክንውኖች በእነዚህ አራት ርዕሶች ሥር ይመድቡ። ሦስተኛው ባዶ ከቀረባቸው ደብዳቤውን መልሰው ያንብቡት፤ ኪንግ እዚያ ላይ «ሲመቱን ሳንመታ መቻል እንችላለን?» እያሉ ራሳቸውን ስለጠየቁበት ሥልጠና ይናገራሉ።