የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጭስ ማጽጃ መሥራቱን እንዴት እንፈትሻለን?

ጥቁር ጭስ ስላልታየ ብቻ ሞተሩ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ዋናው ጣጣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው፤ እሱን ደግሞ በዓይን አይለዩትም። መለካት ግድ ነው።

ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የመንገደኛ ባቡር የሚጎትተውን ሲመንስ ቻርጀርን እንውሰድ። ሞተሩ ኩሚንስ ኪውኤስኬ95 ነው። ጭሱ ላይ ዩሪያ የተባለው ኬሚካል ይረጫል፤ ጭሱም ካታሊስቱ (ጋዞቹን የሚለውጠው ማጣሪያ መሰል ክፍል) ውስጥ ሲያልፍ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይለወጣል። ከ2015 ወዲህ ለተመረቱ የረጅም መንገድ ሎኮሞቲቮች የአሜሪካ ደንብ የሚፈቅደው በአንድ የፈረስ ጉልበት ሰዓት 1.3 ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው።

መጀመሪያ ዩሪያውን ይዩት። ከውሃ ጋር የተዋሃደው ፈሳሽ 32.5 በመቶ ዩሪያ መሆን አለበት። በሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም የፈሳሽን ውህደት በብርሃን በሚለካ መሣሪያ፣ አንድ ጠብታ ይበቃል። የማዳበሪያ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ መሙላት እርካሽ ይመስላል፤ ቆሻሻው ግን ካታሊስቱን ይገድለዋል። እንዳይሞክሩት።

ከዚያ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማውን በታኮ ያስደግፉ፣ ሞተሩን በደንብ ያሙቁ። ቆሞ ጭነት እንዲሸከም የጄኔሬተሩን ኃይል ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት ወደሚቀይሩት ፍሬን ሬዚስተሮች ወይም ወደ ውጭ የጭነት ሳጥን ይላኩ። ሬዚስተሮቹ ሲግሉ እሳት ናቸው፤ አጠገባቸው ማንም አይቁም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ደረስን፤ የናሙና መሳቢያው ቱቦ። መለኪያው ጭሱን የሚስበው በፓምፕ ነው። አንድ ዳዶ ከላላ ወይም ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ከተበላ የውጭ አየር አብሮ ይገባና ጭሱ ይቀጥናል። ቁጥሩ ያምራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ሎኮሞቲቩ ግን እንደበፊቱ ያጨሳል። ለዚህ ነው ዝቅ ያለ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ ቱቦውን የምጠረጥረው።

ፍተሻው ቀላል ነው። የቱቦውን ጫፍ ይድፈኑና ፓምፑን ያስነሡ፤ ፍሰቱ ወደ ዜሮ ካልወረደ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ቀጥሎ መጠኑ የታወቀውን የማስተካከያ ጋዝ ከመለኪያው ጀርባ ሳይሆን ከቱቦው ጫፍ ይልቀቁ። ከጀርባ ብቻ ከሰጡት የፈተሹት መለኪያውን እንጂ ቱቦውን አይደለም። ኦክስጅኑንም ይከታተሉ፦ ንጹሕ አየር ውስጥ 20.9 በመቶ ነው፣ ጭነት ሲጨምር ግን መውረድ አለበት። ካልወረደ የሚለኩት ጭስ ሳይሆን የግቢውን አየር ነው። ቱቦው ሙቅ መሆንም አለበት፤ ከቀዘቀዘ እንፋሎቱ ውሃ ይሆንና ከጋዙ የተወሰነውን ይዞ ይቀራል።

ቱቦው ፍተሻውን ካለፈ መጀመሪያ ሚኒሞ ላይ (ሞተሩ ያለ ሥራ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲዞር)፣ ከዚያም ኖች በሚባሉት 8 የጉልበት ደረጃዎች በየተራ ይለኩ። ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። ስምንተኛውን ብቻ ለክቶ መሄድ የሰነፍ አቋራጭ ነው። የየደረጃው ውጤት ተደምሮ አማካይ በሚወጣበት በአሜሪካው የረጅም መንገድ ስሌት ሚኒሞ 38 በመቶ ድርሻ አለው፣ ኖች 8 ግን 16.2 ብቻ። ለጣቢያ ማመላለሻ ሎኮሞቲቮች ደግሞ ሚኒሞ 59.8 በመቶ ይደርሳል። ካታሊስቱ የሚቀዘቅዘውም እዚያው ሚኒሞ ላይ ነው። ጭሱ ካልሞቀ ዩሪያው ጋዝ ሳይሆን ነጭ ድንጋይ ሆኖ የጭስ ማውጫው ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ የዩሪያ መርጫውን ከፍተው ይዩት።

በመጨረሻ የሎኮሞቲቩን የራሱን ሴንሰር ከእርስዎ መለኪያ ጋር ያስተያዩ። ሴንሰሩ አሞኒያንም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ብሎ ይቆጥራል። ዩሪያ ከመጠን በላይ ሲረጭ ትርፉ አሞኒያ ሆኖ ያመልጣል፤ ቁጥሩ ይጨምራል፤ መካኒኩ «አልበቃውም» ብሎ ዩሪያ ያክላል፣ ነገሩም ይብሳል። ሁለቱ ካልተስማሙ ዩሪያውን ትንሽ ቀንሰው ይዩ። የሴንሰሩ ቁጥር አብሮ ከወረደ ሲያመልጥ የነበረው አሞኒያ ነው።