በማሽን ምክንያት ሥራ ሲቀነስ ምን ያህል ብር ይገባዎታል?

ድርጅትዎ አዲስ ማሽን ወይም ሶፍትዌር አስገብቶ «መደቡ ታጥፏል» ካለ፣ መጀመሪያ ሰው ሃብት ክፍል ያቀረበልዎትን ወረቀት በደንብ ያንብቡ። ብዙ ብር የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ማመልከቻ ከፈረሙ የቅነሳ ክፍያው ያመልጥዎታል። «ለሥራ ልምድህ ይጠቅምሃል» ቢሉዎት አይስሙ፤ የሥራ ልምድ እንዲሁም ሊሰጥዎ ይገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነት ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን የስንብት ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ «ማሽን ገባ ተብሎ ሰው አይባረርም» የሚለው ክርክር አያዋጣም። የሚያዋጣው አካሄዱንና ሒሳቡን መያዝ ነው።

የሠራተኛ ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ 10 በመቶውን ሲነካ ነው፤ 400 ሠራተኛ ካለ 40 ሰው መሆኑ ነው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ደግሞ 5 ሰው ይበቃል። መሠረቱ ያለፉት 12 ወራት አማካይ ቁጥር ነው። አሠሪው ከሠራተኛ ማህበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። የሚቆየው በችሎታና በምርታማነት የሚበልጠው ነው፤ እኩል ሲሆኑ ነው አጭር አገልግሎት ያለው ቀድሞ የሚወጣው። የሥራ አፈጻጸም ውጤትዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ደመወዝ 9,000 ብር፣ አገልግሎት 7 ዓመት ቢሆን የቀን ደመወዙ 300 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ 9,000። ለቀሪዎቹ 6 ዓመታት የዚህ ሲሶ በየዓመቱ፣ 3,000 ጊዜ 6፣ 18,000። ይህ ክፍል ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለወጣ ሰው ደግሞ የ60 ቀን ይጨመራል፤ 18,000። ድምሩ 45,000 ብር። ብዙ ጊዜ የሚረሳው (ወይም የሚያስረሱት) ይህ የ60 ቀኑ ነው። የ2 ወር ማስጠንቀቂያና ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ክፍያ ለብቻቸው ናቸው።

ጥንቃቄ፦ ስሌቱ በደመወዝ ነው፤ የትራንስፖርት አበል፣ ጉርሻና የትርፍ ሰዓት አይገቡም። ደመወዙን አሳንሶ አበሉን የሚያበዛ ድርጅት የስንብቱንም ክፍያ አብሮ ያሳንሳል።

ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ካልተከፈለ ክስ ለማቅረብ 6 ወር፣ ወደ ሥራ ለመመለስ ግን 3 ወር ብቻ አለዎት፤ «ቆይ እናስተካክላለን» ሲባል የሚያልፈው ይህኛው ነው። መታወቂያውን፣ ቱታውንና መሣሪያውን በመጨረሻው ቀን አስረክበው ክሊራንሱን (ንብረት ማስረከብዎን የሚያረጋግጠውን ወረቀት) ያስፈርሙ፣ ኮፒውን ያስቀሩ። ንብረት በእርስዎ ጥፋት ከዘገየ 7 ቀኑም አብሮ ይዘገያል።