ከጅማ ተነስቶ የቡናውን አገር በአንድ ቀን በመኪና እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ከጅማ ወጥቶ ለመጎብኘት የሚያመቹት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ በሰኮሩ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ሲሆን፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ የሚገኘው በዚህ አቅጣጫ ነው። ሁለተኛው በሰቃና በሸቤ አድርጎ፣ በለጠ የተባለውን ደን አቋርጦ ወደ ቦንጋ ይወርዳል። ሦስተኛው በአጋሮ በኩል ወደ በደሌ ይሄዳል። ብዙ እንግዳ ሦስቱንም በአንድ ቀን ለማዳረስ ሲሞክር ቀኑን በመኪና መስኮት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ መምረጥ ይሻላል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው የምመርጠው የአጋሮን መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ጠዋት የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡናውን ከነዛፉ ለማየት ጊዜ ይበቃል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ወቅትን ከመምረጥ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚበረታ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር መግባት ያስቸግራል። ቀይ የቡና እሸት ሲለቀምና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ማየት የሚፈልግ ሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይምጣ። አበባውን ለማየት የሚፈልግ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት የሚጥለውን የመጀመሪያ ዝናብ መጠበቅ አለበት፤ ነገር ግን አበባው ዛፉ ላይ የሚቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ መምጣት አስተማማኝ አይደለም።

በዋዜማው ነዳጅ መሙላት ይገባል፤ ጠዋት ማደያ ላይ ሰልፍ ካጋጠመ የቀኑ ምርጥ ሰዓት እዚያው ያልቃል። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ መኖራቸውን ማየት፣ በቂ ጥሬ ገንዘብ መያዝ፣ የመንገዱን ሰላምና ሁኔታ በዚያው ቀን ከተመለሱ ሾፌሮች መጠየቅም አይዘለልም። የራሱ መኪና የሌለው ሰው ከነሾፌሩ ቢከራይ ይመረጣል። በሚኒባስ እስከ አጋሮ መሄድ ይቻላል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ሆኖም ደስ ያለው ቦታ ላይ መቆም አይቻልም።

ጠዋት ቁርስን በጊዜ ጨርሶ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ጅሬን መድረስ ጥሩ ነው። ጅሬን ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ኮረብታ ላይ ያለ ስፍራ ሲሆን፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማን መንግሥት የመሩት ከዚህ ነበር። ቤተ መንግሥቱን ለማየት ወደ ውስጥ ከመግባት በፊት አንድ ጊዜ በዙሪያው መዞር ይጠቅማል፤ የእንጨቱ ሥራ፣ የሰገነቱ ቅርጻ ቅርጽና ከኮረብታው ወደ ከተማው ያለው እይታ የሚታወቁት ያኔ ነው። በጊቢው ውስጥ መስጊድም ስላለ ልብስ ጨዋ መሆን አለበት፤ ፎቶ ለማንሳትም ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለአስጎብኚው የሚቀርቡ ጥያቄዎችን አስቀድሞ ማሰብ ጉብኝቱን ያበለጽገዋል። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ገብረው ግዛታቸውን ከጥፋት እንዳዳኑ፣ ውስጣዊ አስተዳደራቸውንም ለረጅም ዘመን ይዘው እንደቆዩ ሁሉም ይተርካል። የዛሬዋ ጅማ በበቀለችበት በሂርማታ ገበያ ከቡናና ከማር ሌላ ባሪያም ይሸጥ እንደነበር ግን ጠይቆ መስማት ያስፈልጋል፤ የመንግሥቱ ሀብት ከየት ይመጣ እንደነበር ያለዚህ አይገባም። የንጉሡ ዕቃዎች የሚታዩበት የጅማ ሙዚየም ከተማው ውስጥ ነው፤ ጊዜ የተረፈው ሰው ሲወርድ ይግባበት፣ ያልተረፈው ደግሞ ይለፈው። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ ትልቁ ገበያ የሚውልበት ስለሆነ መንገዱ በሰው፣ በአህያና በባጃጅ ይሞላል፤ በዚያ ቀን ከከተማ ለመውጣት ተጨማሪ ጊዜ መያዝ ያሻል።

ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ አጋሮ መነሳት ይቻላል። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ መልኮ ላይ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ያለ ፈቃድ የሚገባበት የቱሪስት ቦታ አይደለም፤ ግን ቡና ወዳድ ሲያልፍ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን የሚያጠቃው የቡና በሽታ በኢትዮጵያ ሲታይ፣ ተመራማሪዎች ከጫካና ከገበሬ ማሳ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጠው አባዙ። በውጭ አገር የቡና ማሸጊያዎች ላይ የሚነበቡት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ 74 የሚለውም የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመንገዱ በሁለቱም ወገን ቡናው በሰሳ፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ስለሚበቅል ከሩቅ ለሚያይ ሰው ተራ ደን ይመስላል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ መኪናውን ከአስፋልቱ አውጥቶ ማቆምና ባለቤቱን አስፈቅዶ በእግር መግባት ያስፈልጋል። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ ሲወጡም «ገለቶማ» ማለት በር ይከፍታል። ወደ ላይ ቀና ብሎ ማየትም አይረሳ፤ ጉሬዛም ሆነ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ሊታይ ይችላል።

ምሳ አጋሮ ላይ ተበልቶ ወደ ጮጬ መሄድ ይቻላል። ጮጬ በጎማ ወረዳ ያለች ቀበሌ ናት፤ ጎማም በአንድ ወቅት እንደ ጅማ ሁሉ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበር። የአካባቢው ሰዎች የፍየል እረኛው ቡናን ያገኘው እዚሁ ነው ይላሉ፤ ከፋዎች ደግሞ በእኛ ነው ይላሉ። እንግዳ ዳኛ ሆኖ መግባት የለበትም፤ ቁጭ ብሎ የሚፈላለትን ቡና ከአቦል እስከ በረካ ቢጠጣ ይበቃዋል። ለዚህ አንድ ሰዓት መመደብ ያስፈልጋል፤ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሳት ያስተዛዝባል።

ቡና መግዛት የሚፈልግ ሰው ከነገለባው የደረቀውን ጀንፈል ሳይሆን የተፈለፈለውን ይውሰድ፤ እፍኝ ዘግኖ የተሰባበረና የጠቆረ ፍሬ አለመብዛቱን፣ የሻጋታ ሽታም አለመኖሩን ማየት በቂ መመዘኛ ነው። ከጮጬ ቢዘገይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለበት፤ ከመሸ በኋላ ከብትና መብራት የሌለው ጋሪ በማይታይበት መንገድ ላይ መንዳት አይመከርም።