ኮምፒውተራችሁን ከማልዌር እንዴት እንደምትጠብቁ

«ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገባበት» የሚል ሰው ሞልቷል። «ቫይረሱን ራሴ አስገባሁት» የሚል ግን አላጋጠመኝም። ነገሩ ሲጣራ ብዙ ጊዜ በሩን የከፈትነው እኛው ነን። ስለዚህ የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል ከማለታችን በፊት በሮቹን እንያቸው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ማልዌር ማለት ጉዳት ለማድረስ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ሁሉ ነው። ቫይረስ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ሌላ ፋይል ላይ ይለጠፍና ያ ፋይል ሲከፈት ይራባል። ዎርም ብዙ ጊዜ የማንንም ክሊክ አይጠብቅም፤ በኔትወርክ በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱ ይሄዳል። ትሮጃን ጠቃሚ ፕሮግራም መስሎ ይመጣል። ራንሰምዌር ፋይሎቻችሁን ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል። ፓስወርድ የሚሰርቁት ደግሞ ድምፃቸውን አጥፍተው ነው የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ንጹህ ነው ማለት አይቻልም።

የመጀመሪያው ሥራ አፕዴት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ማይክሮሶፍት ያወጣው ግን በማርች ነበር፣ ሁለት ወር ቀድሞ። ብዙዎች የጫኑት ከተጠቁ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ስለዚህ አፕዴቱ በራሱ እንዲጭን ተዉት፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ ሲላችሁም አታቆዩት። ብራውዘሩንም እንዳትረሱ። ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ ከሆነ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ወደ 11 መሻገሩን አስቡበት።

ቀጥሎ የፋይሎችን ሙሉ ስም ማየት ልመዱ። ይህችን ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ይንቃታል፤ እኔ ግን በጣም ነው የምወዳት። ዊንዶውስ ከፋይል ስም መጨረሻ ያለችውን ኤክስቴንሽን ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ዎርም የተጫወተው በዚሁ ነው። በኢሜይል የሚመጣው የፍቅር ደብዳቤ በ«ዶት ቲኤክስቲ» የሚያልቅ ተራ ጽሑፍ ይመስል ነበር። ከኋላው የተደበቀችው «ዶት ቪቢኤስ» ግን ፕሮግራም መሆኑን ታሳብቅበት ነበር። በዊንዶውስ 11 ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈቱ። ቪው፣ ከዚያ ሾው፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ነው ተብሎ የተላከላችሁ ፋይል በ«ዶት ኢኤክስኢ» ካለቀ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

እዚያው «ሂድን አይተምስ» የሚለውንም ምረጡ። ለፍላሽ ይጠቅማችኋል። ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው አንዱንም አትክፈቱ። ዋናዎቹ ፋይሎች ብዙ ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። መጀመሪያ ፍላሹን ስካን አድርጉ፣ ከዚያ የተደበቁትን ፋይሎች ቅዱ።

ለዕለት ሥራ የአድሚን አካውንት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን የመቀየር ሥልጣን ያለውን፣ አትጠቀሙ። ከሴቲንግ ገብታችሁ አንድ ተራ አካውንት ክፈቱና በእሱ ሥሩ። ተራው አካውንት ማልዌርን በሙሉ አያግድም፤ መላውን ሲስተም እንዳይቆጣጠር ግን ያከብድበታል። አንድ ፕሮግራም ድንገት የአድሚን ፓስወርድ ሲጠይቃችሁም ቆም ብላችሁ ታስባላችሁ።

አንቲቫይረስስ? ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር፣ ከበራና አፕዴት ከተደረገ፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል ባይ ነኝ። ሁለት አንቲቫይረስ ባንዴ ማስሮጥ ትርፉ መጋጨት ነው። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍት) ሲያጋጥማችሁ ግን ላሽ በሉ። ዘበኛውን አሰናብቱልኝ የሚል እንግዳ ምን ፈልጎ ነው?

አሁን ወደ ባክአፕ። ደንቡ 3-2-1 ይባላል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ቦታ የተቀመጠ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ሁልጊዜ እንደተሰካ በመተው ነው። ራንሰምዌር ሲገባ የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቆልፈዋል። ቅዱና ንቀሉ። ከክላውድ ጋር በራሱ የሚመሳሰል ፎልደርም ብቻውን ባክአፕ አይደለም፤ የተቆለፈው ፋይል በደህናው ቦታ ሊተካ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ አንድ ፋይል ከባክአፑ መልሳችሁ ክፈቱ። የማይከፈት ባክአፕ ይዞ ለዓመታት ተማምኖ የኖረ ሰው አውቃለሁ።

ኔትወርኩን የምትጠብቁት ኢንተርኔቱን ከሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ከራውተሩ ጀምራችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም። ከፋብሪካ የወጡባቸውን 60 ገደማ የታወቁ ስሞችና ፓስወርዶች እየሞከረ ነው። እናንተም የራውተሩን የአድሚን ፓስወርድ ቀይሩ፤ ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚፈቅደውን አማራጭ አጥፉ። ለካሜራና ለስማርት ቲቪ የእንግዳ ዋይፋይ ስጡ። ቢሮ ከሆነ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተሮች ከእንግዶች ኔትወርክ ለዩ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ከገባስ? መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ አውጡት። ኬብሉን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ በስልክ ፎቶ አንሱት። አትክፈሉ፤ መክፈል ፋይል ለመመለሱ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የሆላንድ ፖሊስና የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ከሌሎች ጋር የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» ለአንዳንድ ራንሰምዌሮች መፍቻ በነጻ ይሰጣል፤ የእናንተው ካለ እዚያ ፈልጉ። ፓስወርዶቻችሁን ከሌላ ንጹህ መሣሪያ ቀይሩ፣ ከኢሜይል ጀምራችሁ። አካውንቶቻችሁንም ከሁሉም መሣሪያ አስወጡ፤ ሌባው የገባችሁበትን ምልክት ከብራውዘሩ ወስዶ ከሆነ ያለ ፓስወርድም ሊገባ ይችላልና። ከዚያ የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን፣ ማለትም ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚፈትሸውን፣ አስነሱ። አሁንም ካጠራጠራችሁ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫኑት። የባክአፑን ዲስክ የምትሰኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።