ግራንድማስተር አማተር ውድድራችሁ ላይ ልመዝገብ ቢላችሁ ምን ታረጋላችሁ?

ትንሽ የቼዝ ውድድር አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ይቺን ስልክ ያውቃታል። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ከስሙ ፊት ታይትል (ግራንድማስተር፣ ማስተር የሚባል የቼዝ ማዕረግ) ያለው ተጫዋች ይደውልና "መግባት ይቻላል? መመዝገቢያስ እከፍላለሁ እንዴ?" ይላል። አንዱ አዘጋጅ ስሙ ፖስተር ላይ ሲወጣ እየታየው በደስታ ይዘላል፣ ሌላው ደሞ "በቃ ሽልማቱን ጠራርጎ ሊሄድ ነው" ብሎ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ እውነት ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው።

እኔ የመጀመሪያ ውድድሬን ሳዘጋጅ አንድ ምድብ ብቻ ነበር፣ ከመመዝገቢያ ከተሰበሰበው ገንዘብ ግማሹን ለአንደኛ ብዬ ነበር። አንድ ማስተር በጠዋቱ መጣ፣ በነፃ አስገባሁት፣ ሁሉንም አሸንፎ ገንዘቡን ይዞ ሄደ። እሱ ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ተጫዋቾቹን ስጠራቸው የመጣው ሰው ግማሽ አይሞላም። የገረመኝ ግን ያኮረፉት በሱ የተሸነፉት አደሉም፣ እንደውም ሁለተኛ ዙር ላይ በሱ የተሸነፈው ልጅ ጨዋታውን የጻፈባትን ወረቀት እስካሁን አልጣላትም፣ ያኮረፉት እሱ ባይመጣ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ሊወጡ ይችሉ የነበሩት ናቸው። ስለዚ ጥያቄው "ጠንካራ ሰው ይግባ አይግባ" አደለም፣ ይግባ! ጥያቄው የሚሸለመው ከማን ኪስ ነው የሚለው ነው። የኔ አቋም ግልፅ ነው፣ በክብር ይግቡ፣ ግን አማተሩ በከፈለው መመዝገቢያ አይሸለሙ።

መጀመሪያ ታይትልና ጉልበትን ለዩ። ፊዴ (ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ግራንድማስተር ለማለት 2500 ሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋቹ ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ፣ እና ኖርም፣ ማለትም በጠንካራ ውድድር የሚመዘገብ ከፍ ያለ ውጤት፣ ይጠይቃል፣ ለኢንተርናሽናል ማስተር 2400ና ኖርም፣ ለፊዴ ማስተር 2300፣ ለካንዲዴት ማስተር 2200። የሴቶቹ ታይትሎች ደሞ ከዚ ዝቅ ብለው ነው የሚጀምሩት፣ የሴቶች ካንዲዴት ማስተር 2000 ነው። ታይትል አንዴ ከተሰጠ የዕድሜ ልክ ነው፣ ሬቲንጉ ግን ይወርዳል፣ አንዳንዱ ታይትል ደሞ በትልልቅ ውድድር ውጤት ስለሚገኝ ሬቲንጉ ከተባለው በታች የሆነ ባለታይትል ብታገኙ አይግረማችሁ። ስለዚ ደንባችሁ ላይ "ባለማዕረግ አይገባም" ወይም "ባለማዕረግ በነፃ" ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ 2550 ያለውንና 1950 ያለውን አንድ ላይ አጎራችሁ ማለት ነው። በሬቲንግ ጻፉት። ማጣራት ቀላል ነው፣ ፊዴ ሬቲንግ ድረገፅ ላይ በስም ወይ በመለያ ቁጥር ይወጣል። የኦንላይን ሬቲንግ ለዚ ነገር አትቀበሉ፣ ሌላ መለኪያ ነው።

(በነገራችን ላይ አማተር የሚለው ቃል ድሮም ያምታታ ነበር። የኔዘርላንዱ ማክስ ኡወ እ.ኤ.አ. በ1928 የአማተሮች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1935 ደሞ የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን አሌኪንን አሸንፎ ዋናውን የዓለም ሻምፒዮንነት ወሰደ፣ ሥራው ግን የሒሳብ አስተማሪ ነበር። እንደሱ ዓይነቱን ከየትኛው ምድብ ልትከቱት ነው?)

ቀጥሎ፣ ጠንካራ ተጫዋች ለምን በነፃ ልግባ ወይ የሆነ ነገር ስጡኝ እንደሚል ተረዱት፣ ትዕቢት ብቻ አደለም። ውድድራችሁ ለፊዴ ሬቲንግ የሚያዝ ከሆነ ሒሳቡን እዩት። ሬቲንጉ በ400 የሚበልጥ ሰው በ100 ጨዋታ 92 ነጥብ ያመጣል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። አንዴ 2400 የደረሰ ሰው ኬ የሚባለው የሬቲንጉ ለውጥ ማባዣ 10 ነው፣ ስለዚ አማተሩን ቢያሸንፍ 0.8 የሬቲንግ ነጥብ ያገኛል፣ ቢሸነፍ 9.2 ይከስራል፣ ማባዣው 20 የሆነው አማተር ደሞ ተሸንፎ 1.6 ብቻ ያጣል፣ ካሸነፈ 18.4 ወደ ቤት ይዞ ይሄዳል። አማተሩ ሎተሪ እየቆረጠ ነው፣ ማስተሩ ደሞ ሎተሪው ሲወጣ ከኪሱ የሚከፍለው ሰውዬ ነው። ስለዚ መመዝገቢያ አታስከፍሉት፣ ይሄ ተገቢ ነው፣ ብዙ ቦታም የተለመደ ነው፣ ሽልማት ካገኘ ደሞ መመዝገቢያውን ከዛ ላይ መቀነስ ይቻላል። ነገር ግን በነፃ ገብቶ ሌላው ያዋጣውን ሲወስድ ነው ነገር የሚበላሸው።

አሁን ወደ ምድብ። ከ40 ሰው በላይ ካላችሁና ሁለት ዳኛ ካገኛችሁ ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱ ክፍት፣ አንዱ ለምሳሌ ከ1800 በታች፣ ከታች ያለው በፈቃዱ ወደ ክፍቱ መውጣት ይችላል፣ ከላይ ያለው ግን ወደታች አይወርድም። ሰዉ ትንሽ ከሆነ አንድ ምድብ ይሻላል። በስዊስ ሲስተም (ማንም ሳይወጣ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው የሚጋጠሙበት አሠራር) 64 ሰው ካለ በሬቲንግ አንደኛው ሰው መጀመሪያ ዙር የሚገጥመው 33ኛውን ነው እንጂ የመጨረሻውን አደለም፣ ማለትም ግራንድማስተሩ ፊት የሚቀመጠው መሀል ላይ ያለው ተጫዋች ነው፣ እሱ ነው "ከግራንድማስተር ጋር ተጫወትኩ" ብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚያወራው። 64 ሰው አንድ አሸናፊ እንዲለይ ቢያንስ 6 ዙር ያስፈልጋል፣ በ4 ዙር ጨርሳችሁ ሦስት ሰው እኩል ወጣ ብላችሁ አትደንግጡ።

ምድብ ሳይከፍሉ ማመጣጠኛ ሌላም መንገድ አለ፣ ቡድን። አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የአማተር ቡድኖች ውድድር የአራቱ ተጫዋች አማካይ ሬቲንግ ከ2200 በታች መሆን አለበት፣ ግራንድማስተር ማሰለፍ የፈለገ ቡድን የግድ ከሱ ብዙ የሚያንሱ ሰዎች ይዞ ይመጣል። እኔ ከሁሉም በላይ ይሄን ነው የምወደው፣ ማስተሩ ብቻውን ሊያሸንፍ አይችልም፣ በየመሀሉ የጓደኞቹ ሰሌዳ ጋር ሄዶ እያየ ሲያቃስት ነው የሚውለው። ኔዘርላንድ ውስጥ ዋይክ አን ዜ የምትባል ቦታ በሚካሄደው ትልቅ ውድድር ላይ ደሞ አማተሮቹ በየደረጃቸው በ10 በ10 ተከፍለው የዓለም ትልልቆቹ በሚጫወቱበት አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ። አብሮ መጫወት ብቻ አደለም አብሮ መሆን ማለት።

ሽልማቱን ሁለት ካዝና አርጉት። ከመመዝገቢያ የመጣው ለሬቲንግ ምድቦች ይመለስ፣ ከ1400 በታች፣ ከ1600 በታች፣ ከ1800 በታች እያላችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ደሞ ትንሽ ነገር። ስፖንሰር የሰጠው ካለ እሱ ለአጠቃላይ አንደኛና ሁለተኛ ይሁን፣ ግራንድማስተሩ እዛ ላይ ይወዳደር። ስፖንሰር ከሌለ ለአንደኛ ዋንጫና መጽሐፍ ነው በሉት፣ ፊት ለፊት። የሚቀር ይቀራል፣ ብዙዎቹ ግን ይመጣሉ። አንድ ሰው አንድ ሽልማት ብቻ ይውሰድ፣ ትልቁን። አንድ የማይቀር ሽልማት ልጨምርላችሁ፣ ማስተር ላሸነፈ ወይ አቻ ለወጣ አማተር፣ ማስተሩ የፈረመበት የጨዋታው ወረቀት። ወጪው ዜሮ ነው፣ ሰው ግን ከገንዘቡ በላይ ይጋደልለታል።

ከማስተሩ ደሞ ጠይቁ እንጂ። በነፃ ያስገባችሁት ሰው ከተሸነፈለት ልጅ ጋር 10 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ጨዋታውን ቢያይለት ምን ይሆናል፣ ወይ ከውድድሩ በፊት በነበረው ማታ ከ20 ሰው ጋር በአንዴ ቢጫወት፣ ወይ የውድድሩን ቆንጆ ጨዋታ ቢመርጥ። ይሄን ግን ሲደውል ንገሩት፣ አዳራሽ ከገባ በኋላ ካነሳችሁት ደስ አይለውም፣ አምስት ሰዓት ተጫውቶ የደከመ ሰው ነው። የተለየ ሥራ ካሠራችሁት ደሞ ክፈሉት፣ ያ ሽልማት አደለም፣ የድካም ዋጋ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንዱ፣ ባለታይትሎች ሁለት ሦስት ከሆኑ የመጨረሻው ዙር ላይ በ10 ሙቭ (እርምጃ) አቻ ተጨባብጠው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ፣ ከ30 ሙቭ በፊት ተስማምቶ አቻ መውጣት አይቻልም የሚል ደንብ ማውጣት ትችላላችሁ፣ የፊዴ ሕግም ይፈቅዳል። ሁለተኛው፣ ሰው ሁሉ ግራንድማስተሩን ሲፈራ እኔ የምፈራው ከ1800 በታች ምድብ ውስጥ ሁሌ 1790 ላይ የሚቀመጠውን ሰውዬ ነው፣ ሽልማት በሌለበት እየተሸነፈ ሬቲንጉን የሚያወርደው። ለሱ የሚሆነው የአሁኑን ሳይሆን ባለፉት 12 ወራት የደረሰበትን ከፍተኛውን ሬቲንግ ማየት ነው፣ ሬቲንግ የሌለው ደሞ የምድብ ሽልማት እንዳይወስድ ገድቡት፣ ጀማሪ ነኝ ያለ ሁሉ ጀማሪ አደለም።

ይሄን ሁሉ ምዝገባ ከመክፈታችሁ በፊት ማስታወቂያው ላይ አስገቡት፣ ለምሳሌ እንዲህ፦ "ከ2200 በላይ ሬቲንግ ያላቸው ያለክፍያ ይመዘገባሉ፣ የሚወዳደሩት ስፖንሰር ለሰጠው አጠቃላይ ሽልማት ብቻ ነው፣ የመመዝገቢያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለሬቲንግ ምድቦች ይከፋፈላል፣ ምዝገባ ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት ይዘጋል።" የመጨረሻዋን እንዳትረሷት፣ በጠዋቱ የሚመጣ ማስተር ድልድሉን ሲያተራምስባችሁ ያኔ ትዝ እላችኋለሁ።