«ትናንት ምን አየህ?»፦ የሐዋሳ ልጆችን የስልክና የቴሌቪዥን ውሎ ለማጥናት

ልጅን «በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ትጠቀማለህ?» ብሎ መጠየቅ ቁጥር ያስገኛል፤ የሚታመን ግን አይደለም። አማካይ ማስላት ለአዋቂም ከባድ ነው፤ ልጅ ደግሞ ጠያቂውን ደስ የሚያሰኘውን መልስ ይፈልጋል። የሚያዋጣው ትናንትን ብቻ ይዞ ከመነሳት እስከ መተኛት አብሮ መዘርዘር ነው።

ወረቀቱን በየ30 ደቂቃው አስምረው አምስት ዓምድ ያውጡ፦ የት ነበርክ፣ ምን ስታደርግ፣ በማን ስልክ ወይም ቴሌቪዥን፣ ከማን ጋር፣ ምን አየህ። ከሰዓቱ ሳይሆን ከውሎው ይጀምሩ። «ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ማን ነበር?» ሲባል ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ለ9 ዓመት ልጅ 20 ደቂቃ፣ ለ15 ዓመት ልጅ 40 ደቂቃ ይበቃል።

ብዙ መረጃ የሚበላሸው በሰዓት ነው። ልጁ «ማታ 2 ሰዓት» የሚለውን ስልኩ 8 ሰዓት ብሎ ይመዘግበዋል። አንዱ መረጃ ሰብሳቢ 2፣ ሌላው 8 ብሎ ከጻፈ የማታው ቲክቶክ ከሰዓት በኋላ የታየ ይመስላል። በቅጹ አናት ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብለው ያትሙ፤ ጠዋት ወይም ማታ ያልተባለ ቁጥር አይቀበሉ፤ ወደ ስልኩ ሰዓት መለወጡንም ከመስክ መልስ አንድ ሰው ብቻ ይሥራው። ሌላም አለ፦ ስልኩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ለልጁ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ያየው ቪዲዮ ገና የትናንቱ ነው።

የስልኩን የአጠቃቀም መዝገብ በፈቃድ ማየት ይረዳል፣ ስልኩ የልጁ ከሆነ። የእናት ወይም የታላቅ ወንድም ከሆነ የእነሱም ጊዜ አብሮ ይደመራል።

በቃላት አመራረጥ ይጠንቀቁ። «ሚዲያ» ሲባል ብዙ ልጅ የሚገባው ዜና ነው። «ኢንተርኔት ትጠቀሚያለሽ?» ሲሏት «አይ» ያለች ልጅ «ቴሌግራምስ?» ሲሏት «አዎ» ልትል ትችላለች። ስለዚህ በስም ይጥሩ፦ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ጌም። በፍላሽና በሚሞሪ የተጫነ ፊልም፣ በዲኤስቲቪ ቤት የታየ ኳስ ኔትወርክ ስለማይጠይቅ በቀላሉ ይረሳል፤ ለብቻው ይጠየቅ። ሲዳምኛ ለሚናገሩ ልጆች አንድ ሰው ጥያቄውን ይተርጉም፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ የተለያየውን ቁጭ ብላችሁ አስታርቁ።

ጠያቂዎች ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ከሠሩ «ትናንት» ሁልጊዜ የትምህርት ቀን ይሆንና ቅዳሜና እሑድ ከጥናቱ ይወጣሉ። እሑድና ሰኞንም ይጨምሩ። የፍቼ ጫምባላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) ሰሞን ውሎ የዘወትሩን አያሳይም፤ ለብቻው ይያዝ።

ወላጅ በጽሑፍ ይፍቀድ፣ ልጁም ራሱ ይጠየቅ፤ ወላጅ ፈቅዶ ልጁ እምቢ ካለ እምቢታው ይከበር። ከሰው ዓይን ያልራቀ፣ ድምፅ ግን የማይሰማበት ቦታ ይምረጡ፤ የትምህርት ቤት ግቢ ጥላ ጥሩ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብለው ግን ቃል አይግቡ። አንድ ሰው ራቁት ፎቶ እንደጠየቃት ልጅቷ ብትነግርዎት ዝም ማለት አይቻልም፤ ለማን እንደሚነገር ሥራው ሳይጀመር ይወሰን፣ ልጆቹም አስቀድመው ይወቁት።

24 ልጅ አነጋግረው «ይህን ያህል በመቶ የሐዋሳ ልጆች» ብለው አይጻፉ፤ በቁጥሩ ይናገሩ፦ ከ24ቱ 9ኙ።

ከሁሉ በፊት ቅጹን በ4 ልጆች ይሞክሩት፤ ሁለቱ ትከሻቸውን የሰበቁበትን ጥያቄ እንደገና ይጻፉት።